ማርሹ ያለው በአማትየው በኩል ነው

እኔ ስዋሽ ግራ ጆሮዬ ይቀላል፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይህን ታሪክ ግን ሐርተሼክ ላይ አውርቼዋለሁ፣ ቀብሪበያህ ላይ አውርቼዋለሁ፣ ጅጅጋም ባጃጅ ውስጥ ሒሳብ እስክከፍል ድረስ አውርቼዋለሁ፤ ጆሮዬ አንድም ቀን አልቀላም። ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። ወላሂ። ወላሂ ላልበቃው ደግሞ በሚካኤል። አሁንም ያላመነ ሐርተሼክ ድረስ ሄዶ መኪናዋን በዐይኑ ይይ፤ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ መቆም ላይ ጎበዝ ናት።

መኪናዋ እንደ ሌላው መኪና ከፋብሪካ አልወጣችም። ዋርሳሜ የሚባል፣ ቁመቱ የመብራት ምሰሶ የሚያክል፣ ውፍረቱም እንደዚያው የሆነ መካኒክ ግቢው ውስጥ ነው የገጣጠማት። በቶጎ ውጫሌ በኩል፣ በአሥራ አንድ ሣጥን ተበታትና መጣች። ሻጩ፣ በሦስት ሳምንት ትጨርሳታለህ ብሎ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከላይ ጨመረለት። ሦስቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ። አንዱ ሣጥን ብሎን ብቻ ስለነበር ዋርሳሜ ብሎኑን ለይቶ እስኪጨርስ ጺም አበቀለ፣ ተላጨው፣ እንደገና አበቀለ። መጽሐፉ የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያነብ ሰው ሐርተሼክ ውስጥ አልተገኘም፤ ሥዕሉን ግን ደረጄ ያነብ ነበር። ደረጄ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ከክፍል ሲወጣ እጁን ግሪስ ውስጥ የሚከት፣ ሶማልኛን ከስድቡ በኩል የጀመረ፣ ዋርሳሜ ከስሙ ይልቅ "መምህር" እያለ የሚጠራው ሰው። ሁለቱ ሥዕል እያዩ ሞተሩን አስቀመጡ፣ ጎማውን አሰሩ፣ መሪውን ተከሉ። ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ሲደርሱ ገጹ የለም። በርና መስኮት እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳየውን ገጽ ቀይዋ ፍየል በልታዋለች።

ፍየሏ የረቢዓ ናት። ረቢዓ ደግሞ የዋርሳሜ ሚስት የኒምኮ እናት ናት፤ እሱ በሶማልኛ "ሶዶህ" የሚላት፣ አማቱ። በአገሩ ወግ ወንድ ከሶዶሁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ለብቻው አይቀመጥም፣ ፊቷንም ትኩር ብሎ አያይም፤ እሷም የእሱን ኮቴ ስትሰማ ሻርፗን ወደ ፊቷ ትስባለች። ከክፋት አይደለም፣ ከመከባበር ነው። የዛሬ ልጆች ትተውታል ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ አልተዉትም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አጥር ውስጥ ኖረው ፊት ለፊት አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ነገር ሲኖራቸው በኒምኮ በኩል ይነጋገራሉ፤ ኒምኮ ከሌለች በፍየሏ በኩል። ረቢዓ ለፍየሏ፣ ጀሪካኑ ባዶ ነው ብለሽ ንገሪው ትላታለች። ዋርሳሜም ለፍየሏ፣ እሺ በያት ይላል። ፍየሏ በዚህ ሥራ ምክንያት ከሌሎቹ ፍየሎች ጋር መዋል ትታ ነበር።

የረቢዓን ዐይን ሞራ ጋርዶታል። ባለፈው ዓመት የዐይን ሐኪሞች ጅጅጋ መጥተው ሳምንት ሙሉ ሞራ ሲያወጡ፣ እሷ በሚኒባስ አልሄድም አለች። አንድ ጊዜ ሃያ ሰው የታጨቀበት ሚኒባስ ከነሃያው ገልብጧት ስለነበር፣ ሁለተኛ ሚኒባስ ብወጣ ብላ ምላለች። ያኔ ዋርሳሜ በፍየሏ በኩል ቃል ሰጠ፤ መኪናዬ ልትደርስ ነው፣ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ አለ። መኪናዋ አልደረሰችም። ሐኪሞቹ ሄዱ። ያኔ ሁለቱም ዐይኖቿ የሰውን ጥላ ይለዩ ነበር፤ በዓመቱ ግራው ጥላም መለየት አቆመ። እሷ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየዳበሰች ስትወጣ ሲያያት ቁርሱን ትቶ ወደ መኪናዋ ይሄድ ነበር።

እሑድ ዕለት ወሬ መጣ። ሐኪሞቹ ተመልሰዋል፣ የሚመዘግቡትም እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት መቼ እንደሆነ እነሱም አያውቁም።

ዋርሳሜ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ሞተሯ ይነሳል። በር የላትም፣ መስኮት የላትም፣ ጋቢናዋ ውስጥ ከሁለት መቀመጫና ከመሪ በቀር ምንም የለም። የጭነቱ ቦታ ገና ስላልተሠራ ከጋቢናው ኋላ ያለው አጽም ብቻ ነው፤ ዶሮ እንኳ አታሳፍርም። ስለዚህ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኒምኮ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ አርባ ቀን ሳይሞላት ከቤት አትወጣም። ደረጄ መንዳት አይችልም። ሐርተሼክ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሦስት ሾፌሮች ነገሩ ሲነገራቸው እንዲህ ሳቁ፣ እንዲህ ሳቁ፣ የአንዱ አገጭ ወልቆ ወጌሻ ነው የመለሰው። ቀሩ ዋርሳሜና ሶዶሁ፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር።

"እሷ እንደሆነ አታይህም" አለ ደረጄ። "ምን አስጨነቀህ?"

"እኔ አያታለሁ፣ መምህር።"

ደረጄ ትንሽ አሰበና እንግዲያው ግድግዳ ነዋ አለ። ጋቢናውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱ ክፍል የእሱ፣ አንዱ የእሷ፣ ለያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ መስኮት። አራት ቀን አላቸው።

ሰኞ የበሮቹን ሣጥን ከፈቱ። ሁለት በር አለ፤ ሁለቱም የቀኝ ናቸው። ዋርሳሜ አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ አጠገብ ለአጠገብ አቆማቸው፤ እንደ መንታ ናቸው። ሻጩ ጋ ደወለ። ሻጩም፣ አገር ሁሉ የሚፈልገው የቀኝ በር ነው፣ አንተ ሁለት ደርሶህ ታማርራለህ አለውና ስልኩ ተቋረጠ። ደረጄ በሩን ይዞ እንደ ዳንስ ሲያዞረው ቆየና፣ ቀኙን በር ፊትና ኋላውን ብንለዋውጠው በግራ በኩል ይገጥማል አለ። ገጠመም። ማጠፊያው ግን ከኋላ ሆነ። የሌላ ሰው መኪና በር ከፊት ታጥፎ ወደ ፊት ሲከፈት፣ የዋርሳሜ በር እንደ ቁም ሣጥን በተቃራኒው የሚከፈት ሆነ። የመስታወቱ ማውረጃ እጀታም ከሾፌሩ ጉልበት ርቆ ወገቡ አጠገብ ቀረ።

የዚሁ በር መስታወትም ቢሆን ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ተሰንጥቆ ነበር። የእጅ ሰዓት መስታወት እንኳ በሌለበት ከተማ የመኪና መስታወት ከየት ይምጣ? ደረጄ ወደ ተከራየው ክፍል ሄዶ የመኝታውን መስኮት ከነእንጨቱ፣ ከነአበባማ መጋረጃው ነቅሎ መጣ። የእሱን መስኮት በላስቲክ ሸፈነው። የዋርሳሜ መኪና ግራ መስኮት ዛሬም የመኝታ ቤት መስኮት ነው፤ በአንድ ክንፍ ይከፈታል፣ መቀርቀሪያም አለው።

ማክሰኞ ጉዱ ሌላ ሆነ። የቀኙ በር፣ ያ ምንም ያልዞረው፣ የረቢዓ በር፣ አልዘጋ አለ። ከታች ሲገባ ከላይ ይቀራል፣ ከላይ ሲገባ ከታች ይቀራል። ደረጄ ፓይታጎረስ የሚባል ሰውዬ ያወጣውን ሕግ በኖራ መሬት ላይ ጻፈ፤ ሰውዬው ሐርተሼክን ስላላያት አልሠራም። ዋርሳሜ የበሩን ጫፍ ሞርዶ ሊያሳጥረው ሞረዱን ሲያነሳ ረቢዓ ድምፁን ሰማች። ግድግዳ እየዳበሰች መጣች። እሱ እንደ ወጉ ወደ ሞተሩ በኩል ዞረ። እሷ የበሩን ክፈፍ በጣቶቿ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ሄደች፣ ጥጉ ላይ ቆመች፣ ተመልሳ ወረደች። ከዚያ ወደ ፍየሏ ዞረች።

"የበሩን ገጽ የበላሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ አንቺው ንገሪያቸው" አለቻት። "በሩ ምን አጠፋ? ቤቱ ነው ወደ ኋላ የተኛው። ሁለት ጣት ያህል ግፉት።"

ደረጄ በክር ለካ። ሁለት ጣት። የደረጄ ጣት ሳይሆን የረቢዓ ጣት፤ ቀጭኑ። የጋቢናውን ምሰሶ በክሪክ ገፉት፣ በሩ ተዘጋ፤ እንዲያውም በራሱ። ይህች ሴትዮ በወጣትነቷ አቃል ስትተክል የኖረች ናት፤ አቃል ማለት ዘላኑ ነቅሎ ግመል ላይ ጭኖ የሚሄደው የምንጣፍ ቤት ነው፣ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ሴቶች ናቸው። በነፋስ፣ በጨለማ፣ ልጅ አዝላ ተክላለች። አንድ ጊዜ ግመሉ እየሄደ ላዩ ላይ ተክላለች የሚሉም አሉ፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ግድግዳውንም የሠራችው እሷው ናት። ዋርሳሜ ላሜራ ሊበይድ ነበር። ረቢዓ በኒምኮ በኩል፣ ላሜራ በፀሐይ ይግላል፣ በመንገድ ይጮኻል፣ ደግሞም ግድግዳ የወንድ ሥራ አይደለም ብላ ላከችበት። ከግራር ሥር የተቆረጡ፣ የጎበጡ ቀጫጭን እንጨቶች አስመጣች፤ ከመቀመጫዎቹ መሀል ከወለል እስከ ጣሪያ አስተከለቻቸው፤ በላያቸው የቃጫ ምንጣፍ በጣቶቿ እያነበበች ጠለፈች። ኒምኮ ሕፃኑን ታቅፋ ከደጃፉ ሆና ቀለሙን ትነግራታለች፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አሁን ቀይ። ሕፃኑን ረቢዓ በእጇ ታውቀዋለች፤ አፍንጫው የኔ ነው ትላለች፣ ጆሮው የማን እንደሆነ ግን ልታውቅ አልቻለችም። ረቡዕ ቀትር ላይ ግድግዳው አለቀ። እንዲህ ያለ የውስጥ ማስጌጫ ያለው ጋቢና ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ የለም።

ዋርሳሜ ደስ ብሎት በቁም ሣጥኑ በር ገባ፣ መሪውን ያዘ፣ እጁን ወደ ማርሹ ዘንግ ላከ። ምንጣፍ ነካ።

ለካስ ግድግዳው ሲተከል የማርሹ ዘንግ ለብየዳ ተነቅሎ ነበር። ወለሉ ላይ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዘንጉ ሲመለስ ቦታው በረቢዓ ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ከጉልበቷ አጠገብ፣ ልክ እንደ ምርኩዝ።

ደረጄ ጭንቅላቱን ያዘ። ግድግዳው ላይ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ እንብሳ አለ። ዋርሳሜ ደነገጠ። ክንዱን ሶዶሁ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ከጉልበቷ አጠገብ ሊያንቀሳቅስ ነው? እንዲህ ካደረገ ክንዱን እዚያው ትቶት ቢመጣ ይሻለዋል። ዘንጉን በእሳት አግለው ወደ እሱ በኩል ሊያጎብጡት ሞከሩ፤ አንደኛ ሲገባ ጉልበቱን መታው፣ የኋላ ማርሹም ጠፋ። መልሰው አቀኑት። ግድግዳውን እንዳያፈርሱ ደግሞ ማን ደፍሮ ይነግራታል? ዋርሳሜ ጎማው ሥር ቁጭ አለ። ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ቃሉን ሊበላ ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እነዚያ ሰዎች መዝገባቸውን አጥፈው ይሄዳሉ፤ እሱም ያቺን ሴት ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ስትዳብስ ያያታል።

ረቢዓ በቀኙ በር ገብታ ተቀምጣ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ፍየሏን አስጠራች።

"ይህ ዱላ ስንት ቦታ ይሄዳል? ጠይቂልኝ።"

"ወደ ፊት አራት፣ ወደ ኋላ አንድ በያት" አለ ዋርሳሜ ከጎማው ሥር።

"እኔ አርባ ክር ሳላይ የማልሳሳት፣ አምስት ቦታ ይጠፋብኛል? የት የት እንደሆነ ይንገረኝና ዱላውን ለኔ ይተውልኝ።"

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐርተሼክ ሥራ አልሠራችም። ጫት ሻጮቹ እንኳ ጫታቸውን ትተው መጡ። ዋርሳሜ በግራ ሆኖ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ረቢዓ በቀኝ ሆና ማርሽ ታስገባለች። ፍየሏ ጋቢና ውስጥ ስለማትገባ የሚናገሩት ለመኪናዋ ነው። "መኪናዋ፣ አንደኛ" ይላል እሱ። ዘንጉ ይሄዳል። "መኪናዋ፣ ሁለተኛ።" ዘንጉ ይመለሳል። መጀመሪያ ማርሾቹ እንደ ተጣሉ ድመቶች ጮኹ፤ አንድ ጊዜ ሁለተኛ ሲባል የኋላው ገብቶ የጎረቤት አጥር ወደቀ። አሥር ሰዓት ላይ ግን ረቢዓ ማርሹን ከመባሏ በፊት ታስገባ ጀመር፤ ሞተሩ ሲጨነቅ ይሰማኛል አለች። ደረጄ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር በፊዚክስ ሊገልጽላቸው ሞክሮ ተወው።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ተነሱ። ኒምኮ ከደጃፍ ሆና ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አሳየች፤ ማየት ለማትችለው እናቷ። ረቢዓ በመስኮቷ እጇን አውጥታ አወዛወዘች፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ።

እስከ ቀብሪበያህ ያለው ጥርጊያ መንገድ በሁለተኛና በሦስተኛ አለቀ። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ረቢዓ አራተኛን አገኘችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላጋንንም፤ በግራ በኩል አንድ ጭልፊት ከመኪናዋ እኩል ሲበር ነበር፣ ትቶ ተመለሰ። ሜዳው ደረቅ ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ሁለት ወቅት ሆኗል፤ ነፋሱ አቧራውን እንደ መንጋ እየነዳ በአስፋልቱ ላይ ያሻግረዋል። ያ ነፋስ ነው የቁም ሣጥኑን በር ያገኘው። ማጠፊያው ከኋላ የሆነ በር ነፋስን ከፊት ይጋብዛል፤ ስለዚህ በሩ ጓ ብሎ ተከፍቶ እንደ ክንፍ ተዘረጋ። ዋርሳሜ በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ በሩን ይዞ ታገለ። ቆሞ በሩን ዘጋው፤ ሲነሳ ተከፈተ። እንደገና ቆመ፤ እንደገና ተከፈተ። ገመድ የለም። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆኗል። ዋርሳሜ የታጠቀውን ሽርጥ ፈታና በሩን ከመቀመጫው እግር ጋር ጥርቅም አድርጎ አሰረበት። በሩ ጸጥ አለ። ከሽርጡ ሥር የነበረው የደረጄ የኳስ ቁምጣ ነው፤ ደረጄ ደግሞ አጭር ሰው ነው።

ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄዱ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ።

ትራፊኩ ከወደ መሀል አገር የመጣ፣ ሶማልኛ የለመደ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ብዙ ጉድ ያየ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየም። መጀመሪያ አበባማውን መጋረጃ አየ። ከዚያ በሽርጥ የታሰረውን በር አየ። ውረድ አለ። ዋርሳሜ አልወርድም አለ፤ ሶዶሁ በዚያኛው በኩል አለች፣ በዚህ ቁምጣ መሬት ቢረግጥ በሕይወት መኖር አይችልም። ትራፊኩ የማይወርድ ሾፌር ኮንትሮባንድ ነው ብሎ አሰበ፤ ዞሮ የቀኙን በር ከፈተ። አንዲት አሮጊት፣ ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ፣ የማርሹን ዘንግ ይዛ ተቀምጣለች።

"መኪናዋን የሚነዳው ማን ነው?" አለ ትራፊኩ።

"መሪው የሱ ነው" አለች ረቢዓ። "ማርሹ የኔ ነው።"

"መንጃ ፈቃድ አለዎት?"

"ዐይን እንኳ የለኝም፣ ልጄ። እሱን ፍለጋ ነው የምንሄደው። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጉብናል።"

ትራፊኩ ዘንጉን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ዐይኗን አየ። የማያይ ሰው እንዴት ማርሽ ያስገባል ብሎ በቁጣ ጠየቃት።

"አንተ ማርሽ ስታስገባ ታየዋለህ?"

ትራፊኩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀኝ እጁ በራሱ ጊዜ አየር ላይ አንደኛን፣ ሁለተኛን፣ ሦስተኛን አስገባ፤ ዐይኑ ግን አስፋልቱ ላይ ነበር። አፉን ዘጋ። በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋላት። ወደ ዋርሳሜ ተመልሶ በመጋረጃው በኩል አጎንብሶ፣ እኔም አማት አለኝ፣ ግን እንዲህ አይነት ግድግዳ የሚሠራልኝ አላገኘሁም አለው። ስትመለሱ እኔ ተረኛ በሆንኩበት ሰዓት እንዳትመጡብኝ ብሎ ፊቱን ወደ ካራማራ ተራራ አዞረ።

ጅጅጋ የገቡት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ባጃጆቹ ያቺን መኪና ሲያዩ መንገድ ለቀቁላት፣ ከክብርም ከፍርሃትም። ሐኪሞቹ ባሉበት ግቢ በር ላይ ሂባቅ የምትባል ነርስ የመጨረሻዎቹን ስሞች ትጽፍ ነበር። ዋርሳሜ ሽርጡን ከበሩ ፈትቶ ታጥቆ ወረደ፤ ቀድሞ ሮጦ ስሟን አስጻፈ፣ ከዚያ ርቆ ቆመ። ሂባቅ ረቢዓን ክንዷን ይዛ አስገባቻት።

መርማሪው ሐኪም የተናገረውን ዋርሳሜ ከኮሪደሩ ሰማ፤ በሩ ስስ ነበር። ቀኙን እንሠራዋለን፣ ታያለች አለ ሐኪሙ። ግራው ግን አልፎበታል፤ ባለፈው ዓመት መጥታ ቢሆን ሁለቱንም እናተርፍላት ነበር። ሂባቅ ይህንን በሶማልኛ ለረቢዓ ስትነግራት ዋርሳሜ ጀርባውን ወደ ግድግዳው ሰጥቶ ቁልቁል ተንሸራተተ። ያ ረጅም ሰው ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ዓርብ ጠዋት ፋሻው ተነሳ። ዋርሳሜ ግቢው ጥግ፣ መኪናዋ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ሂባቅ መጥታ፣ ታያለች፣ የኔን ጥርስ ቆጠረች፣ አንዱ ተቦርቡሯል ብላ ነገረችኝ አለችው። እሱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሸሸው። ባለፈው ዓመት የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ጆሮው ውስጥ እንደ ትንኝ ሲዞር ነው ያደረው።

ሲመለሱ ነገሩ ተገለበጠ። ረቢዓ ማየት ስለጀመረች ማርሹ ጠፋት። ዘንጉን ስታየው እጇ ይሳሳታል፤ ሁለተኛ ሲባል አራተኛን ትነካለች። ከጅጅጋ መውጫ ላይ ሦስት ጊዜ ሞተሩ ጠፋ። በመጨረሻ ማርሽ ባስገባች ቁጥር ያቺን አዲሷን ዐይኗን ጨፈነች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቦታው ተገኘ። በመሀል በመሀል በመስኮቷ ታያለች። ግመሎች ታያለች፣ የሰው አጥር ታያለች፣ ያየችውን ሁሉ ለመኪናዋ ትነግራታለች። ዋርሳሜ በምንጣፉ በኩል ይሰማል።

ቀብሪበያህን አልፈው ጥርጊያው ላይ እንደገቡ "መኪናዋ፣ ቁሚ" አለች ረቢዓ። ቆሙ። በሯ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማ። ልትጸዳዳ ይሆናል ብሎ ዐይኑን መሪው ላይ ተከለ። ረቢዓ ግን ዞራ ከመኪናዋ ፊት ለፊት መጥታ ቆመች። በመሀላቸው የፊቱ መስታወት አለ። ሻርፗን አልሳበችም። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ከለለችና በመስታወቱ በኩል አየችው፤ አሥራ አንድ ዓመት የልጇ ባል የሆነውን፣ አንድም ቀን ፊቱን ያላየችውን ሰው። እሱ ቀና አላለም። አንገቱ ግን እስከ ጆሮው ላብ በላብ ሆነ።

"መኪናዋ" አለች ረቢዓ፣ እጇን ኮፋኖው ላይ ጥላ፤ "ለዚህ ሰው ንገሪልኝ። ሐኪሙ የተናገረውን እኔም ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ብሄድ ኖሮ ምን አያለሁ? ልጁ አልተወለደም ነበር። አሁን ነው የሚታይ ነገር ያለው። ጆሮው የማን እንደሆነም አሁን አወቅሁ። ይህን ንገሪውና ይንዳ፣ ልጁ ሳይተኛ ልድረስ።"

ተመልሳ ገባች። በሩ በራሱ ተዘጋ። ዋርሳሜ ለመኪናዋ የሚነግራት ብዙ ነገር ነበረው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው፣ ድምፁ እንደ አሮጌ ማጠፊያ እየጮኸ፣ "መኪናዋ... አንደኛ" አለ። በምንጣፉ ማዶ ረቢዓ ዐይኗን ጨፈነች፤ ማርሹም ገባ።

ይኸው ነው። ጆሮዬን እዩት፣ አልቀላም። ትንሽ ከቀላም ስለ አራተኛው ማርሽ ነው። መኪናዋ አራተኛ የላትም፤ የአራተኛው ጥርስ ያለበት አሥራ ሁለተኛ ሣጥን ነበረ አሉ፣ እስከ ዛሬ አልመጣም። እስከ ጅጅጋ የሄዱት በሦስተኛ ነው፣ ጭልፊቱም ቀድሟቸዋል። ከዚያ በቀር የጨመርኩት የለም።